የጋሪ ፈረስ በሰልፍ

ፈረስን ከማንም ተምሬ አላወቅሁም። ፊደልንም ቢሆን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የፈረስ ሕመም፣ የፈረስ ኩርፊያ፣ ሁሉንም አይቼ ነው የያዝኩት። እንጅባራ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ፈረስ አዋቂ ካለ እስካሁን አልተገናኘንም።

ባጃጅ ከተማውን በሞላበት ዘመን፣ የፈረስ በዓላችን ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ፈረሴ ሞተብኝ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ከሰልፉ ቀርቼ አላውቅም። በእግሬ ቆሜ ለሌላው ግልቢያ ላጨበጭብ?

ስፈልግ ስፈልግ፣ አንድ ጋሪ ነጂ ባጃጅ ገዝቶ ሜዳ ላይ የለቀቀውን ዳማ ፈረስ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ጭነቱን እንጂ እሱን አላየሁትም ነበር። የፈረሰኞች ማኅበራችንን አለቃ፣ እኩያዬን፣ አማከርኩት።

«የጋሪ ፈረስ ከሰልፋችን አይገባም» አለኝ። «ከርሞ ደግሞ አህያ ይዘህ ትመጣለህ።»

ፈረሱን ወስጄ ገብስ አበላሁት፤ ጠፍር የላጠውን ገላውን ቅቤ ቀባሁት። በበዓሉ ጠዋት የሞተብኝን ፈረስ ጌጥ ከነቀይ ዘርፉ ሳለብሰው አንገቱን ቀና አደረገ።

አለቃው ሁለቴ ዞረው።

«ከየት አመጣኸው?»

«አዋቂ የት እንደሚገኝ ያውቃል።»

«ይኸ ዘር ያለው ፈረስ ነው። ደረቱን እዩት እስቲ። ና፣ ከፊት ሁን።»

ሕዝቡ እልል እያለ ዋናውን መንገድ ይዘን ስንሄድ፣ ፈረሴ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲደርስ ቀጥ አለ። ብኮረኩረው፣ ብለምነው፣ ንቅንቅ የለም። ጆንያ እስኪጫን ይጠብቃል። ሰልፉ ሁሉ ከኋላዬ ተከመረ።

ደጃፏ ላይ የቆመችው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሳቋን ለቀቀችው። «አባባ፣ ዛሬ እኮ የሚጫን የለም፤ ይንገሩት እንጂ።»

አለቃው ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ። በቃ፣ ከሰልፉ ሊያስወጣኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ይኸ የእኔን እህል ሲያመላልስ የኖረው አይደለም?»

«ነው። ያን ደረት ያወጣው የአንተ ጆንያ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከራሱ ፈረስ ወርዶ የፈረሴን ልጓም ያዘና እየሳበ ወፍጮ ቤቱን አሳለፈን። አለቃ የሰው ፈረስ ሲስብ ታይቶ አያውቅም፤ ለእኔ ግን ሆነ።

«ከፊት እንደሆንክ ቆይ» አለኝ። «የከርሞውን መንገድ ግን ወፍጮ ቤት በሌለበት እናደርገዋለን።»

መንገዱ አልተቀየረም። በየዓመቱ ሰዉ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ይጠብቀናል፤ ፈረሴ ቀጥ ሲል እልልታው ይቀልጣል። ከዳንግላ የመጡ እንግዶች እንዲህ እንዲቆም ማን እንዳሠለጠነው ሲጠይቁ፣ እኔ ነኝ እላለሁ።