የአይሲቲ መምህሩ ልጅ

ኤርሳዶ ከጉኑኖ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነው። እኔ ጌታነህ እዚያው ታሪክ አስተምራለሁ። የሁለታችንም ቤት ሶዶ ስለሆነ ጠዋት አብረን ወጥተን ከሰዓት በኋላ አብረን እንመለሳለን። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ይቀመጣል፤ ገና ከመነሳታችን ራሱን መስታወቱ ላይ ደገፍ ያደርጋል። የምነግራችሁን አብዛኛውን ከእሱ አፍ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሰማሁት፤ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚያስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ግን አይነካም። በእርዳታ የመጡት ማሽኖች አንድ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወዲህ ግቢያችን መብራት አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ስክሪን ይሥላል፣ ከሥሩ ኪቦርድ፣ ከጎኑ ማውስ። “እዚህ ጋ ክሊክ ስታደርጉ ይሄኛው ይከፈታል” ይልና በዳስተር አጥፍቶ የተከፈተውን ይሥላል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን እሱ ራሱ ይቀልድበት ነበር። በኋላ ቀልዱም ሰለቸው።

ዲግሪውን የያዘው በክረምት መርሃ ግብር ነው። ክረምት ሲገባ እኛ እናርፋለን፣ እሱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱ ጥሩነሽ ገበያ ቅቤ እየሸጠች፣ ልጆቹን እያበላች ስትጠብቀው ብዙ ክረምት አለፈ። የተመረቀ ዕለት ፎቶ ተነስተው ሳሎን ሰቀሉት። ፎቶው ላይ ሶልያና የአባቷን የምረቃ ቆብ ደፍታ ትስቃለች፤ ያኔ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር።

ሶልያና የመጀመሪያ ልጁ ናት። ኮምፒውተር የለመደችው በእሱ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል። መጻፍና ፋይል ማስቀመጥ ያሳያት እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን የምትጠይቀው እሱ ከሚያውቀው አለፈ። “ጥያቄዋን ከእኔ ነጥቃ ለዩቲዩብ ሰጠችው” ይለኝ ነበር፤ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አይለይም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የመዝሙር ግጥም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ዘማሪው ስንኝ ዘልሎ ቢሄድ እንኳ ቀድማው ትደርሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ፍቅሬ መድኃኒት ቤት አላቸው። ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ ቢጠሯት አስተካክላ ብቻ አልተመለሰችም፤ የትኛው መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ እንደተቃረበ የሚያስታውስ ፕሮግራም ሠርታ ጫነችላቸው። ከዚያ ሌላ መድኃኒት ቤት ጠራት፣ ቀጥሎ ሆቴል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አዲስ አበባ ካለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር በኢንተርኔት ተዋወቀች። የሙከራ ሥራ ሰጧት፣ ሠርታ ላከች፣ ወደዱት። አሥራ ስምንት ሲሞላሽ እንፈራረማለን አሏት።

በዚህ መሃል የብሔራዊ ፈተናው ውጤት መጣ። ሶልያና አለፈች። ማለፍ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ነው፤ እኛ ትምህርት ቤት ያን ዓመት አንድም ልጅ አላለፈልንም። ጥሩነሽ ከገበያ እልል እያለች ገባች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ተጠራ፤ እኔም ከባለቤቴ ከሃይማኖት ጋር ሄድኩ። ጋሼ ፍቅሬ ጸለዩ፤ በቅቤ የተለወሰው ሙቹዋ ቀረበ፣ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል። ሶልያና የሰው እጅ ታስታጥባለች እንጂ ፊቷ ላይ ደስታ የለም።

“እንግዲህ ዶክተር ነው ወይስ ኢንጂነር?” አሏት ጋሼ ፍቅሬ።

“እኔ እንኳ አልሄድም፣ ጋሼ” አለች፣ ማስታጠቢያውን እንደያዘች።

ሰው የቀለደች መስሎት ሳቀ። ኤርሳዶ አልሳቀም። እናትየው በወላይትኛ አንድ ነገር ጣል አደረገችባትና ልጅቱ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ኤርሳዶ የተረፈውን ነገረኝ። እንግዳው ሲሄድ ሦስቱ ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል።

“የምወደውን አውቄዋለሁ፣ አባ። ሥራም አግኝቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ዲግሪ አልጠየቁኝም” አለችው።

“ዛሬ አልጠየቁሽም። ነገ ድርጅቱ ቢዘጋ ሌላው ይጠይቅሻል።”

“ያኔ ሌላ ሥራ አሳያቸዋለሁ።”

“ወረቀት የሌለው ሰው እዚህ አገር በር ላይ ነው የሚቀረው፣ ሶልዬ። እኔን ስሚኝ።”

እሷ ቀና ብላ፣ “አንተ ወረቀቱ አለህ፣ አባ። ምን ሠራህበት?” አለችው።

“ምን አልካት?” አልኩት።

“ምንም። ምን እላታለሁ፣ ጌቴ? ቀርቦልኝ የነበረውን የቦይና ቅቅል በላሁ።” ራሱን ወደ መስታወቱ መለሰ። “ጥሩነሽ ልትመታት ተነስታ ነበር። ተያት አልኳት። ልጅቱ እኮ አልዋሸችም።”

ከዚያ ወዲያ ስለ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምደባው ሲወጣም አልጠየቃትም፤ ሩቅ አገር እንደደረሳት የሰማው ከጥሩነሽ ነው። ጠዋት ይወጣል፣ ሲመለስ ይበላል፣ ይተኛል። ሶልያና ሐሳቧን ያስቀየራት ይህ ዝምታ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሻንጣ ስታዘጋጅ አገኛት።

“ወዴት ነው?”

“ልሄድ ነዋ። ምዝገባ ደርሷል።”

“ለእኔ ብለሽ ከሆነ…”

“አይደለም” አለችው። ለእሱ ብላ ነበር። ሁለቱም ያውቁታል።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ መናኸሪያ አብሬ ሸኘኋት። ጥሩነሽ ዳጣ በብርጭቆ ዕቃ አድርጋ፣ በላስቲክ ደራርባ ጠቅልላ ሰጠቻት። ኤርሳዶ ላፕቶፑን በቦርሳ ይዞ መጥቶ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጠች ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። “ባትሪ አስለውጬበታለሁ” አላት። እሷ አቀፈችውና አውቶቡሱ እስኪወጣ አለቀሰች። ለአዲስ አበባዎቹም ትምህርት ልጀምር ነው ብላ ጽፋላቸው ነበር። መልካም ዕድል ብለው መለሱላት።

አንደኛው ዓመት ለሁሉም አንድ ነው፤ ጂኦግራፊ አለ፣ ሎጂክ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። ኮምፒውተር ብሎ ነገር ገና ነው። ሶልያና ስትደውል “ደህና ነኝ” ትላለች፤ ሌላ ወሬ የላትም። በኋላ እንደታወቀው የዶርም ልጆች ላፕቶፕና ስልክ ሲበላሽ ሁሉም ወደ እሷ ያመጣል፤ ኪሷን ስለሚደጉምላት እምቢ አትልም፤ መሽቶባት ሳታጠና ታድራለች። የማትወዳቸው ትምህርቶች ላይ ነጥቧ ወረደ። ዲፓርትመንት ሲደለደል ኮምፒውተር ሳይንስ ብትመርጥም ነጥቧ አላደረሳትም። ስታቲስቲክስ ደረሳት።

ይህን የነገረችው ለእናቷ ነው። ጥሩነሽ በስልኩ ጮኸች፦ “ስታቲስቲክስ ቢሆንስ! ዲግሪ አይደለችም እንዴ? ጨርሰሽ ነይ!” ኤርሳዶ ስልኩን አልተቀበለም። በሚቀጥለው ቀን ለርዕሰ መምህሩ የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ክፍሎቹን እኔ ያዝኩለት፤ እኔ ስክሪን መሣል ስለማልችል ታሪክ አስተማርኳቸው።

ሲመለስ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። መንገዱ አድካሚ ነበር፤ አድሮ፣ መኪና ቀይሮ ነው የደረሰው። በር ላይ ቆሞ አስጠራት። ግቢ ስለማያስገቡት ከአጥሩ ውጪ ሸራ የተወጠረበት ሻይ ቤት ገቡ። ተማሪ ይገባል ይወጣል። እሷ ከስታ ነበር፤ ፀጉሯን እንኳ በወጉ አልተሠራችም። ሻይ አዘዘላት፣ ፓስቲ አስመጣላት፤ አልነካችውም።

“ልትቆጣኝ ነው የመጣኸው?”

“አይ። ላይሽ ነው።”

“ጥረት ሳላደርግ ቀርቼ አይደለም፣ አባ። ክፍል ስገባ ሰውነቴ እምቢ ይለኛል። ቁጭ እላለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አንዱም አይገባኝም። ስወጣ የጻፍኩትን አላስታውሰውም።”

ይህን እያለች ራሷን ከጎኗ ባለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እዚህ ሲደርስ ኤርሳዶ ራሱን ከሚኒባሱ መስታወት ላይ አነሳ።

“ጌቴ፣ የእኔን ድካም እኮ ነው ያየሁት። እኔ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ በአንድ ዓመት ደረሰችበት። ልጅ እኮ ናት።”

“ከዚያስ?”

“ሻንጣሽን አምጪ አልኳት።”

ጭራሹን አልተወችውም፤ እመለሳለሁ ካለች እንድትመለስ ዊዝድሮዋል የሚሉትን የጊዜያዊ ማቋረጫ ቅጽ ሞልታ ነው የወጣችው። ያንን አባቷ ነው ያስገደዳት። ጥሩነሽ ግን ሁለቱንም አላናገረችም። ገበያ ውላ ትመጣለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ፊቷን አዙራ ትተኛለች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቃት፣ “ሶልያና ስንተኛ ዓመት ደረሰች?” ሲሏት፣ “አባቷን ጠይቁ” ትላለች። ኤርሳዶ ደግሞ “እየሠራች ነው” ይላቸዋል፤ ሰዎቹም ልጅ እንደታመመበት ሰው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ሆዷን ያይ ነበር።

ሥራውም እንደታሰበው አልሆነም። ሶልያና ለአዲስ አበባው ድርጅት ስትጽፍ ቦታው ተይዟል አሏት፤ በትሕትና ነው፣ ግን ተይዟል። የጋሼ ፍቅሬንና የጥቂት መድኃኒት ቤቶችን ፕሮግራም እያሻሻለች ወራት ገፋች። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ይዛ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ትፈልጋለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ዝም ብላ ትጠብቃለች። “መሳሳቴ ነው መሰለኝ፣ አባ” ያለችው በዚህ ጊዜ ነው። “መጀመሪያ መሄዴ ይሁን በኋላ መውጣቴ ግን አላወቅኩም።”

“እኔም አላወቅኩም” አላት።

በኋላ ሌላ ድርጅት በርቀት እንድትሠራ ወሰዳት፤ አነስተኛ ቢሆንም የወር ደመወዝ አላት። ሥራዋን ይወዱላታል። ከፍ ያለ ቦታ ሲከፈት ግን ማመልከቻው ላይ የትምህርት ደረጃ የሚል አለ፤ እሷ እዚያ ላይ የምትሞላው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ነው። ከእሷ ኋላ የገባ፣ እሷ ያለማመደችው ልጅ አለቃዋ ሆነ። ይህን ለአባቷ ስትነግር “ብዬሽ አልነበረም?” የሚል ከአፉ አልወጣም። ለእኔ እንኳ አላለኝም።

ባለፈው ዓመት ማንም ሳያስገድዳት እዚሁ ሶዶ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆና ተመዘገበች፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የሚከፈለውን ራሷ ትከፍላለች። ጥሩነሽ ይህን ከሰማች ወዲህ ማኩረፏን ትታለች፤ ሶልያና እሑድ አምልኮ ስለሚያመልጣት ብቻ ትነጫነጫለች።

“ታዲያ አሁን ደስ ይላታል?” አልኩት ኤርሳዶን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ።

“ትናንት መምህሩ አልመጣም ብላ በጊዜ ገባች።”

“ተናዳ?”

“ኧረ የለም። ላፕቶፑን ከፍታ ሥራዋን ቀጠለች። መጥቶ ሲያስተምርም የማታውቀውን አልነገራትም፤ ግን ትሄዳለች። አራት ዓመት ነው አለችኝ፣ እንደ ቀጠሮ አድርጋ። እንደምትጨርሰው አውቃለሁ።”

“አንተስ ምን ትላለህ? ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?”

“ባለፈው አንድ ወላጅ ይህንኑ ጠየቁኝ። ልጃቸው ስልክ ይጠግናል፤ ኮሌጅ ግባ ብትልልኝ አሉኝ። ድሮ ቢሆን ጠርቼ እመክረው ነበር።”

“አሁንስ?”

“ልጁን፣ ‘የቱ ነው የሚያደክምህ፣ ስልክ መጠገኑ ወይስ ክፍል መቀመጡ?’ ብለው እንዲጠይቁት ነገርኳቸው። ያልገባቸው መሰለኝ። እኔም ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።”

ረዳቱ ሂሳብ እያለ ወደኛ ደረሰ። ኤርሳዶ የሁለታችንንም ከፍሎ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈና ወደ ውጪ ማየት ጀመረ። ያን ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሱ ነበር፤ ዝናብ ስለጣለ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አረፈድን።