የተቀመሰ ብርጭቆ

የሻረግ ከላሊበላ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ቤቷ አረቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። ቀዳሚ ደንበኛዋ ባሏ ደሳለ ነው፤ ከፋይ አይሁን እንጂ። ሲጠጣ ይዘፍናል፣ ሲደግም ነገር ይፈልጋል፣ ሲሰልስ እጁን ያነሳል። ጠዋት ያው እጁ እየተንቀጠቀጠ እግሯ ላይ ይወድቃል። ጎረቤቱ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው ይለዋል።

ልጇ አዳም ሌላ ነው። ቱሪስት እያስጎበኘ ራሱን ያስተዳድር ነበር፤ ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀረው ከእኩዮቹ ጋር ጋንጃ ማጨስ ያዘ። መጀመሪያ የማያስቀው ነገር አልነበረም። ኋላ ዝም አለ። ማንንም አይመታ፣ ማንንም አይሰድብ፤ ጥግ ይዞ ሰዎች ከግድግዳው ውስጥ ስሜን ያነሳሉ ይላል። እኩዮቹ አጭሰው አጭሰው ወደ ኑሯቸው ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ። እህሉንም መርዘውታል እያለ እናቱ ካልቀመሰችለት አይነካም። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምሰው ሁሉ፣ የሻረግም ወጡንም ውሃውንም እየቀመሰችለት ከረመች።

ነአኩቶ ለአብ ጠበል አስጠመቀችው፤ ከጤና ጣቢያም መድኃኒት ጀመረ። ረገብ ሲልለት የማኅበር ተራቸው ደረሰና ቤቱ በሰው ሞላ። ደሳለ ሞቅ ብሎታል፤ ልጁ ከሰው እንዲጫወት ፈለገ። ክፋት አልነበረበትም። ከመለኪያው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ላሰና፣

«ቀምሼልሃለሁ፣ ልጄ» አለው።

አዳም የተቀመሰ ነገር ያምናል። ጠጣ፤ ደገመ። ያ ዝምተኛ ልጅ በማኅበርተኛው መሐል እየጮኸ ወጣ፤ ሰው ተሯሩጦ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይዞ መለሰው።

በማግስቱ የሻረግ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ፋናን ከጋንጃውና ከአረቄው የቱ ይብሳል ብላ ጠየቀቻት። ፋና ብዙ አወራቻት። ጋንጃው እንደ አዳም ባለው ሰው ላይ የተኛ ሕመም እንደሚቀሰቅስ፣ አረቄው ደግሞ ልጓም አስፈትቶ ውሎ ሲያድር ሆድ እንደሚያስብስ፣ ከአዳም መድኃኒት ጋር ሲገናኝማ ጨርሶ እንደማይሆን ነገረቻት። በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ የሻረግ፣ ቤትዎ ያለው በሽተኛ አንድ ብቻ አይደለም» አለቻት።

የሻረግ ተሰናብታት ወጣች። ደክሟታል። ቤቷ ገብታ የአረቄውን እንስራ አጠበችና በአፉ ደፋችው። ከእንግዲህ ምን ሸጣ እንደምትኖር ገና አላሰበችውም።

ደሳለ አኩርፎ ሌላ ቤት መጠጣት ጀመረ። አንድ ረፋድ ላይ ተመልሶ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። የሻረግ ብርዝ በጥብጣ ነበር። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለአዳም ሰጠችው። ልጁ ብርጭቆውን አገላብጦ አየና ጠጣ። ለደሳለም ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችለት። አልነካውም። እሷም ተቀመጠች።

አዳም የአባቱን ብርጭቆ ሲያይ ቆየ።

«ለሱም ቅመሽለት፣ እማ» አለ።

ጉልበቷን ይዛ እንደገና ተነሳች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ደሳለ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሳው፤ ግማሹ ጭኑ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ጠጣው።