የሰው ባልዲ

ጋሽ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስንት ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ሁሉም መቀስ አይባልም። ሰውዬው ወሬ ሲይዝ የሚቆርጠውን ፀጉር ይተውና መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ወሬው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲያሳዝን ይዘገያል። ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ይጠብቃል። ምን ያድርግ? በግማሽ ራስ መንገድ አይወጣም።

ፀጉር ቤት ምን እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። ሰው አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት መስታወት ፊት ሲቀመጥ አፉ ይፈታል። ለሚስቱ ያልነገረውን፣ ለወንድሙ የደበቀውን ለጋሽ መቀስ ይዘረግፈዋል። እሱም የሰማውን ስም እየቀየረ ለሚቀጥለው ያወራል። ክፋት የለበትም። ወሬ እሱ ዘንድ እንደ ፎጣው ነው፣ ታጥቦ ለሌላው ይደርሳል።

ሚስቱ የሞተችበት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ልጅቷን ብቻውን አሳደጋት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የሚሠራላትም እሱ ነበር። የሴት ልጅ ፀጉር እንደ ወንድ ራስ መስሎት ማበጠሪያውን ሲመዘው ታለቅሳለች፤ እንዳታለቅስ ደግሞ ወሬ ያወራላታል። አንድ ጠዋት፣ “አባዬ፣ እናቴን እንዴት አገኘሃት?” አለችው። የባልዲዋን ታሪክ ነገራት።

ታሪኳ እንዲህ ናት። ወጣቱ በአንድ ፎቅ ቤት ሥር ሲያልፍ አንዲት ልጅ ከላይ የልብስ እጣቢ ደፍታበት ከራስ እስከ እግሩ ይበሰብሳል። ልጅቷ ደንግጣ ፎጣ ይዛ እየሮጠች ስትወርድ እሱ አይቆጣም። “ሳሙናው ጥሩ ይሸታል፣ ነገም በዚሁ ሰዓት አልፋለሁ” ይላታል። በማግስቱ ሲመጣ ልጅቷ ሰማያዊ ባልዲዋን ይዛ በረንዳው ላይ ትጠብቀዋለች። ራሱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። ባልዲውን ስትገለብጠው ባዶ ነው።

የጋሽ መቀስ ልጅ በዚህች ታሪክ አደገች ብል አላጋነንኩም። “የባልዲዋን” ሳትል ፀጉሯን አትሰጠውም ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆና፣ አግብታ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየዋለች፣ ስትስቅ ዛሬም በዚያችው ታሪክ ነው የምትስቀው። ወደ ማታ ከሥራ ስትወጣ በፀጉር ቤቱ በኩል ታልፍና መስኮቱ አጠገብ ያለው አሮጌ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቁጭ ካለች አበቃ፣ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ጋሽ መቀስ “ይሄ ወንበር ነው ወይስ አልጋ?” እያለ ያጉረመርማል፣ እያጉረመረመም የመንገዱ መብራት ዓይኗ ላይ እንዳያርፍ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። እጁ የለመደው ነገር ነው።

ስታረግዝ አንድ ነገር ጠየቀችው።

“አባዬ፣ የባልዲዋን ታሪክ ጻፍልኝ።”

“በቃልሽ አታውቂያትም እንዴ?”

“አውቃታለሁ። ለልጄ ግን በአንተ እጅ ተጽፋ ትድረስልኝ። ከአንዲት ጉርድ ፎቶና ከባልዲዋ በቀር የእናቴ ነገር ምን አለኝ?”

ይህን ተናግራ ሆዷን ይዛ ተነሳች። ጋሽ መቀስ ለዘመናት ያወራውን ነገር መጻፍ ምን ያቅተዋል ብላችሁ ነው? አቃተው። እስክሪብቶ ሲይዝ እጁ መቀስ የያዘ ይመስለውና ወረቀቱ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ ፊደል አይወጣውም። አንድ ደንበኛ፣ “ቤተ መጻሕፍት ሂድ፤ የኋላው ክፍል ውስጥ የሕይወታቸውን ታሪክ አብረው የሚጽፉ ሰዎች አሉ” አለው። የሚሰበሰቡት ሰኞ ከሰዓት ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ምክንያት አጣ፣ ሄደ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ረጅም ጠረጴዛ፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ለጥገና የተከመሩ መጻሕፍት። ሰብሳቢዋ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፣ ዝግ ያለች ወጣት ሴት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ አለች፣ የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጇ የተቀበለች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌርም አለ፤ እሱ የጋሽ መቀስ የድሮ ደንበኛ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ፀጉሩንም ችላ ብሎታል። ሁልጊዜ ባዶ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፣ ማንም ለምን አይለውም።

“ደንባችን ቀላል ነው ጋሼ” አለችው ሰብሳቢዋ። “አንዱ ሲያነብ ሌላው ጎበዝም ሰነፍም አይልም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ያነበበው ሰው ደግሞ በአፉ አይመልስም፤ ለሚቀጥለው ሰኞ ጽፎ ይመጣል።”

“በአፌ ካልመለስኩማ እኔ ሞቻለሁ።”

“በአፍ ከመለሱት ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ገና ይጀምራል” አለችውና እስክሪብቶ ሰጠችው።

እዚያ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲጭሩ እያየ፣ እሱም ጫረ። ብቻውን ያቃተው ከሰው ጋር ሆኖ መጣለት። ሰው እንዲህ ነው፤ የጎረቤቱ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ያየ እጅ ማፈር ይጀምራል። ሦስተኛው ሰኞ ላይ የባልዲዋን ታሪክ ጨረሰና ተነስቶ አነበበ። እጣቢውን፣ ፎጣውን፣ ሳሙናውን፣ ባዶውን ባልዲ። አዋላጇ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሽ መቀስ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠና ጥያቄ መጠበቅ ጀመረ።

ሹፌሩ እጁን አወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ጥያቄዬ አንድ ናት” አለ። “ጋሽ መቀስ፣ ሚስቴን ከየት ታውቃታለህ?”

አዋላጇ ሳቋን ዋጠችው። ጋሽ መቀስ ምን ዓይነት ቀልድ ነው ሊል አፉን ሲከፍት፣ ድንገት አንድ ነገር ታየው። መካከለኛው ወንበር። ይሄው ሹፌር፣ በጎልማሳነቱ፣ ግማሽ አገጩ በአረፋ ተሸፍኖ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ። “ስትገለብጠው ባዶ!” ሲል። እሱ ራሱ ደግሞ በሳቅ ብዛት ሰውየውን እንዳይቆርጠው ምላጩን አስቀምጦ። ልጁ ያኔ ትምህርት ቤት እንኳ አልገባችም። ክው አለ። ሲያወራት፣ ሲያወራት፣ ታሪኳ የማን እንደሆነች ጠፍቶበታል። ከሚስቱ ጋር የተዋወቁት በዘመድ ነው፣ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው። ይህ ለአንዲት ልጅ ምን ተብሎ ይወራል?

ሰው ሁሉ ሲበተን በሩ ላይ ሹፌሩ ጠበቀው። ጋሽ መቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

“የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው ደረሰብኝ” አለ። “ይቅር በለኝ ወንድሜ። ሰርቄህ አይደለም፣ በእውነት የኔ መስላኝ ነው።”

“ባዶዋን ባልዲ ረስቻት ነበር” አለ ሹፌሩ።

“ምን አልክ?”

“እጣቢውን አስታውሳለሁ። ማግስቱን ረስቼዋለሁ። ከሞተች ወዲህ ስለሷ ልጽፍ እቀመጥና የሚታየኝ የታመመችው ፊቷ ነው፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል። አንተ ስታነብ ግን እዚያ በረንዳ ላይ ቆማ አየኋት፣ እየሳቀች።” አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። “ወረቀቷን ስጠኝ።”

ጋሽ መቀስ ወረቀቷን አወጣና ሰጠው። አደራ የመለሰ ያህል ልቡ ቀለል አለው። ግን ከጉርድ ፎቶዋ ሌላ ልጁ ያላት የእናት ነገር ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች። እናቷን አንስቶ ለሰው የሰጠባት መሰለው።

ሳምንቱን ሙሉ ለመጻፍ ታገለ። የወጣለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ጥሩ ሴት ነበረች።” የስንቱን ሰው ሚስት ጠባይ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ለራሱ ሚስት ሌላ ቃል አጣላት። ይሄ አሳፈረው፣ ካሳፈረው በላይ ደግሞ አስፈራው። ፊቷን ከፎቶዋ ነው የሚያውቀው፤ ድምፅዋ ጠፍቶበታል።

ሰኞ ሲደርስ ሹፌሩ በሁለቱም ገጽ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሽ መቀስ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበና ተቀመጠ። ማንም አልሳቀበትም። ጥያቄ ብቻ ተራ በተራ መጣ።

“ስትቆጣ ምን ታደርግ ነበር?” አለች ሰብሳቢዋ።

“ሳታያት መምጣቷን በምን ታውቅ ነበር?” አለ ሹፌሩ።

አዋላጇ የደከማት ሴት ስታይ የኖረች ናት። “ሲደክማት የት ነበር የምትቀመጠው?” አለች።

ጋሽ መቀስ አፉን ከፈተ። ሰብሳቢዋ በእስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነካ ነካ አደረገችለት። አፉን ዘጋና ኮቱን አንስቶ ወጣ።

በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ነው የሄደው። ከፍቶ ገባ። መስታወቶቹ፣ ቶንዶሱ፣ የታጠፉት ፎጣዎች፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን አሮጌ ወንበር አየውና ቆመ። እጁን የወንበሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ ቀስ አድርጎ ወደ ግድግዳው አዞረው። ያኔ የሚስቱ ነገር ሁሉ መጣለት። ይሄስ የማን ይሆን ብሎ ደግሞ ራሱን መረመረ፤ አንዴ የተነደፈ ሰው ነውና። ይህን ግን ማንም ደንበኛ አልነገረውም። የሚወራ ነገር አይደለማ፣ አያስቅም፣ መጨረሻ የለውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጻፈ።

በማግስቱ ወደ ማታ ልጁ መጣች። ሆዷ ከብዶ በበሩ በጎኗ ነው የገባችው።

“ጻፍካት አባዬ?”

“መጀመሪያ ተቀመጪ።”

ተቀመጠች። ነገራት። ሹፌሩን፣ አረፋውን፣ በዘመድ የተዋወቁበትን ሳሎን፣ አንድም አላስቀረም። መቀሱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

“ሰርጌ ላይ ተናግሬያታለሁ እኮ” አለች ልጅቷ።

“አውቃለሁ።”

“ባሌ ሲያናድደኝ ባልዲ አምጡልኝ እላለሁ። በእናቴ ወጥቼ ነው እያልኩ።” ተናዳለች፣ ከንዴቷ በላይ ደግሞ አዝናለች። “ታዲያ የኔ እናት የታለች?”

“እዚህች ውስጥ ትንሽ አለች” አለ ወረቀቱን እየዘረጋ። “አታስቅም። ላንብብልሽ?”

ከወንበሩ አልተነሳችም። ማንበብ ጀመረ።

“እናትሽ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ክፍል ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ወደ ማታ አብረን ወደ ቤት እንድንሄድ ትመጣና መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ‘ዛሬ እኮ...’ ብላ ትጀምራለች፣ አትጨርሰውም፣ እንቅልፍ ይወስዳታል። ዛሬ እኮ ምን እንደሆነ ሳልሰማ የቀረሁት ብዙ ነው። እኔ እንዳትነቃ ዙሪያዋን እጠርጋለሁ። የመንገዱ መብራት ሲበራ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞርላታለሁ። አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ሁለታችሁም እዚያው ትተኙ ነበር፣ አንቺ ደረቷ ላይ ሆነሽ። ስቀሰቅሳት ተኝቼ ነበር ብላ አታውቅም። ጉንጯ ላይ የወንበሩ ስፌት ታትሞ፣ ‘አልተኛሁም፣ ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት’ ትለኛለች። አልከራከራትም። አንዳንድ ቀን ሥራዬን ጨርሼም አልቀሰቅሳትም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ውዬ፣ የሷን ፊት በደንብ የማየው ያኔ ብቻ ነበር።”

ጨረሰ። ቀና ብሎ በቀጥታ ሊያያት ስላልደፈረ በመስታወቱ በኩል አያት። ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋለች፣ ሁለት እጆቿ ሆዷ ላይ ናቸው፣ ዓይኖቿ ተከድነዋል። ጉንጯ ረጥቧል።

“ተኛሽ እንዴ?” አላት ቀስ ብሎ።

“አልተኛሁም” አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። “ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።”

ውጭ የመንገዱ መብራት በራ። ጋሽ መቀስ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረና መጥረጊያውን አንስቶ ዙሪያዋን መጥረግ ጀመረ።