እሳት የሌለው ብርሃን

ልጄ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዶ ሲመለስ፣ «አባ፣ ሌሊት ባሕሩ በራ። እጄን ብነክር እጄም አብሮ በራ፤ ግን አይፈጅም» አለኝ። እኔ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ገበሬ ነኝ፤ ውሃን የማውቀው እሳት ሲያጠፋ ነው። ጂን ተከትሎት መጥቷል ብዬ ሼኹን ጠራሁና ቁርዓን አስቀራሁበት። ልጄም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

ዘንድሮ ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችውን የሳይንስ መምህርት ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ውሃው ሲናወጥ፣ በውስጣቸው ያለ ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ብርሃን ይሰጣል። ሙቀት ግን የለውም ማለት ይቻላል» አለችኝ።

«የሚያዋህደውስ ማነው?»

«ኢንዛይም የሚባል ነገር ነው።»

ይኼ ኢንዛይም የሚሉት ከጂን በምን እንደሚለይ እስካሁን አልገባኝም። ልጄ እንዳልዋሸና እንዳልታመመ ግን ገባኝ። የዚያን ቀን እራት ላይ፣ «እስቲ ያንን ባሕር እንደገና ንገረኝ» አልኩት።

«ሼኹ ውጭ ቆመዋል እንዴ?»

«የሉም። እኔው ብቻ ነኝ።»

እጁን ከትሪው አንስቶ አየሩን እንደ ውሃ ይቀዝፍ ጀመር።