በኢንጂነር ወርቁ የተያዘው ፋይል

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ማንያታ

ሻዬን ግማሹን ትቼ ተነሣሁ። የሞያሌ የከብት አርቢዎች ማኅበራችን የኦዳ መንደር ጸሐፊ ሀዲጃ ደውላልኝ ነበር። የዳርሚ ሦስት ጥጆች ገና አልተመዘገቡም። የከብት ሐኪሙ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ኦዳ ደርሷል፤ በረዶው ሳይሟሟ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። ዳርሚ አምና አራት ጥጃ በበሽታ ያለቀባት ሴት ናት፤ የቀሯት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

«ፋይሉ አላስጽፍ አለኝ፤ ‹በኢንጂነር ወርቁ ተይዟል› ይላል። እባክዎ ይዝጉልኝ» አለችኝ።

ወርቁ እኔ ነኝ። ፋይሉን ግን አልከፈትኩም። ልሞክረው ብዬ ብከፍተው ለእኔም ያንኑ ጻፈልኝ፦ በኢንጂነር ወርቁ ተይዟል።

አንባቢ ይህን ይወቅልኝ። በስደት ስመጣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ሰው የጣለውን ማሽን እየፈታሁ እየገጠምኩ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬ የባለቤቶቹ ስም በዳታቤዝ፣ የከብቶቹ ዝርዝር በኤክሴል ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ሦስት መንደር የሚሠራበት ሥርዓት የእኔ እጅ ሥራ ነው። ሦስቱን የሚያገናኘውን አንቴና እንኳ ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ ሁሉም የየራሱን ቅጂ ይዞ፣ አንድ የጆሮ ቁጥር ለሁለት ወይፈን ተሰጥቶ ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደርሰናል። አሁን ቁጥር የሚሰጠው ያ አንድ ፋይል ነው፤ ያለ ቁጥር ሐኪሙ መርፌ አያነሣም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይጠብቃል።

ለሄሉው ጸሐፊ ለገልገሎ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። በቃ፣ ከፍቶ የተወው እሱ ነው ብዬ ፈረድኩበት።

ሦስት ሰዓት፣ ሄሉ

ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር በመቶ ሽልንግ ያዝኩ። መንገዱን ፍየሎች ሞልተውታል፤ ጄሪካን የተጫነች ግመል መሀል አስፋልት ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። ነጂውን ልጅ ሀራካ፣ ፍጠን፣ እያልኩ ትከሻውን ስነካካው፣ «ሙዜ፣ ሞተር ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም» አለኝ። እዚህ ትልቅ ሰው «ሙዜ» ይባላል።

ገልገሎ ቢሮው በር ላይ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ይበላል። ስልኩን ጎረቤት ሱቅ ቻርጅ ሰክቶት ኖሯል። ገና ሰላም ሳልለው እሱ ቀደመኝ።

«ሙዜ፣ ምነው? ከጠዋት ጀምሮ ፋይሉን ይዘው ሥራ አስፈቱኝ እኮ።»

ስክሪኑን አየሁ፤ እሱንም ከልክሎታል። በልቤ የፈረድኩበትን በልቤ መለስኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እሱም መከሰሱን አያውቅም። ማንዳዚ ሰጠኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም፣ እየተንጎራደድኩ ጨረስኩት። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሦስቱም ተከልክለዋል። ታዲያ ማን ነው የያዘው? ሌላ ሞተር ጠራሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ኦዳ

ሁለት መቶ ሽልንግ ከፈልኩ። ቀዩ አቧራ ጥርሴ ውስጥ ገብቷል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ስለተነፈሰ እስኪነፋ ድረስ ፀሐይ ላይ ስመላለስ ቆይቻለሁ።

ከሀዲጃ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ከግራሩ ሥር፣ ጥጆቹ ታስረዋል። ሐኪሙ ላፕቶፑን በረዶ ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ከሣጥኑ ሥር ውኃ መንጠባጠብ ጀምሯል። ዳርሚ ትንሿን ጥጃ አንገቷን አቅፋ ይዛ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ወርቁ ሄሉ አለ አሉኝ፤ ማንያታም አለ አሉኝ፤ ኮምፒውተሩም ውስጥ አለ አሉኝ። ጥጆቼ ዘንድ ብቻ የለም» አለች።

ሀዲጃ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ዓይኔን ለማሸሽ ወደ ሐኪሙ ላፕቶፕ ዞርኩ። የከብቶቹ ዝርዝር ተዘርግቶበታል።

«ዳክታሪ፣ ይህን መቼ ከፈትከው?»

«ጠዋት እንደ ደረስኩ፣ በሀዲጃ ኔትወርክ። እናንተ እስክትጨርሱ ተዘጋጅቼ ልጠብቅ ብዬ» አለኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አምና ላፕቶፑን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ማሽኑ የተጠቃሚ ስም ጻፍ ሲለኝ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ሥራው የማን እንደሆነ ይታወቅ ብዬ «ኢንጂነር ወርቁ» ብዬበታለሁ። አራት ማሽን፣ አንድ ስም። ሐኪሙ እኛን ሲጠብቅ እኛ እሱን ስንጠብቅ አርፍደናል።

«ዝጋው» አልኩት። ዘጋው። ሀዲጃ ወዲያው ከፍታ ሦስቱን ጥጆች መዘገበች፤ ቁጥራቸው ወጣ። ሐኪሙ የመጨረሻዋን ሲወጋ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ዳርሚ አንድ ኩባያ የግመል ወተት ሰጠችኝ።

ከመሄዴ በፊት በሐኪሙና በሀዲጃ ማሽን ላይ ያለውን ስም ቀየርኩ። የራስን ስም ፊደል በፊደል ማጥፋት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሀዲጃው ላይ «ሀዲጃ» ብዬ ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ ታይ ነበር። «ኢንጂነር የሚለውን ግን አያጥፉብኝ» አለችኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማንያታ

በመመለሻዬ የገልገሎንም ቀይሬ ቤቴ ገባሁ። ይህን ጥፋት ከእኔ በቀር ሊያገኘው የሚችል ሰው በሞያሌ አልነበረም፤ ከእኔ በቀር ሊሠራውም የሚችል አልነበረም። ብዙ ሰው በሚጽፍበት ፋይል ላይ ስም የሚጻፈው ለክብር አይደለም፤ የምንጠብቀው ማንን እንደሆነ እንድናውቅ ነው። ይህን ለመማር ሁለት ሞተርና አንድ የተነፈሰ ጎማ አስፈለገኝ።

ሻይ ቀድቼ ሳልቀምሰው ስልኩ ጮኸ። ገልገሎ ነው፤ ፋይሉ ተይዟል አለኝ።

«በማን?»

«በሀዲጃ።»

«እንግዲያው ለእሷ ደውልላታ» አልኩትና ሻዬን ተቀምጬ እስከ ታች ጠጣሁ።