አዊኛዬን የደበቅኩባቸው ሰዎች

እንጅባራ ባደግኩበት የታዳጊ ሴቶች ማዕከል፣ ጎብኚ ሲመጣ እጃችንን ከጠረጴዛ በታች የመደበቅ ልማድ ነበረን። «ልጅ ወስደን እናሳድጋለን» ብለው የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት ፊታችንን ሳይሆን መዳፋችንን እንደሆነ ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች ደርሰውበት ነበር። መዳፏ የጠነከረ ልጅ ቶሎ ወሳጅ ታገኛለች። ወሳጅ ማግኘትና ቤተሰብ ማግኘት ደግሞ ለየቅል ናቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት ዳንግላ ነው። እናቴ ስትሞት አንዲት ሴት «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ብላ ወሰደችኝ። ገና ከጋሪው ሳልወርድ «ልጄ» ማለት ጀመረች። የመጀመሪያው ሰሞን ጠጉሬን ትሠራኝ፣ ከራሷ ሳህን ታጎርሰኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆዷ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ልብሳቸውን አጥብ ጀመር። «ልጄ» ማለቷን ግን አንድም ቀን አልተወችም፤ ጎረቤት ለቀበሌ ተናግሮ ወደ ማዕከሉ እስክመጣ ድረስ ልጇ ነበርኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ልጡን ብቻ ሳይሆን ልጥ የያዘውንም ሰው እሸሽ ነበር።

ማዕከሉ ውስጥ አንድ የደበቅኩት ነገር ነበር፤ አዊኛ እሰማለሁ። የእናቴ ቋንቋ ነው። ከዳንግላ ስለመጣሁ ሁሉም አማርኛ ብቻ የምችል አድርገው ቆጠሩኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። የወጥ ቤቱ ሴቶች ስለ እኛ በአዊኛ ሲያወሩ ድንች እየላጥኩ አዳምጣቸዋለሁ። ማን ወዴት ልትላክ እንደታሰበ ከልጅቷ በፊት አውቅ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል የማዕከሉ ሶሻል ወርከር ጠራችኝ። ዕድሜዬ ሲሞላ ከማዕከሉ መውጣቴ የማይቀር ነው። ወይ ከሌላ ልጅ ጋር ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ወይ ደግሞ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ያሉ ባልና ሚስት ገበሬዎች ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ። እነሱ ዘንድ ክረሚና ትምህርት ሲከፈት እንወስን አለችኝ። ክፍል የተከራዩት ልጆች ደላላ እንዴት እንደሚያንዣብብባቸው አይቻለሁ፤ ምርጫው ምርጫ አልነበረም። ስንት ከብት አላቸው ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ሀብታቸውን የጠየቅኩ መሰላት፤ እኔ ግን የምጠርገውን በረት እየገመትኩ ነበር።

ባጃጁ ሶሻል ወርከሯንና እኔን አስፋልቱ ዳር አውርዶን በእግር ገባን። ስልኬን ሳየው ኔትወርክ የለም። ቦታውን መርጠውታል አልኩ በልቤ። ሊቀበለን የወጣው ሰውዬ፣ ባልየው፣ ጉብታው ላይ ብወጣ እንደሚሠራ ነገረኝ። ሳልጠይቀው መንገሩም አላማረኝም።

ሥራ አላስነኩኝም። ጀሪካን ሳነሳ ሴትዮዋ ከእጄ ወሰደችው፤ በረት ልጥረግ ስል ሰውዬው ተይው አለኝ። የመውሰጃዬ ወረቀት እስኪፈረም ነው አልኩ። የሰጡኝ የቀርከሃ አልጋ የሞተች ልጃቸው መኝታ እንደነበር ነግረውኛል፤ ሆኖም ጎንበስ ብዬ ከሥሩ የሌላ ሠራተኛ ልብስ ይኖር እንደሆን ፈተሽኩ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ልጄ» ብላ ጠርታኝም አታውቅም። «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ፤ ይህንንም ከክፋት ቆጠርኩባት።

ከእኔ ጋር አማርኛ ይናገራሉ፣ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ወደ አዊኛቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ እሱንም ለምኜ ነው የሰጡኝ። ሴትዮዋ ከውስጥ ለባሏ በአዊኛ ስትናገር ሰማኋት።

«ይህችን ልጅ አልወደድኳትም» አለች። «የልጄን አልጋ ሥር ስትፈትሽ ሳያት ሆዴ ተቃጠለ። ዓይኗ የሌባ ዓይን ነው።»

«ታዲያ እንመልሳት?» አላት ባሏ።

«መልሳት አልኩህ? አልወደድኳትም ነው ያልኩ። መውደዱ ከመጣ ይመጣል። ባይመጣም ልጅቷ መግቢያ ያስፈልጋታል። ውሃ እንዳታስቀዳት ብቻ፤ ለሥራ አመጡኝ ትላለች።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ምስሩን ፊቷ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ። እኔ ሌባ! ከዚያ እጄ ከመልቀሙ ቆመ። የዳንግላዋ ሴት ፊቴን እያየች «ልጄ» ስትል፣ ዞር ስል ለጎረቤት ደህና ሠራተኛ አገኘሁ ትል ነበር። ይህችኛዋ በፊቴም በኋላዬም አንድ ናት። አልወደደችኝም፤ ወድጄሻለሁ ብላም አልዋሸችኝም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ። እርግጥ ጥርጣሬ የለመደ ልብ ዝም አይልም፤ ምናልባት አዊኛ እንደምሰማ ጠርጥረው እንድሰማ ብለው ያወሩት ቢሆንስ ብዬም ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሰውዬው የመንግሥት ወረቀት እንዳለ ሆኖ በአገሩ ወግ የጡት ልጅ ሊያደርጉኝ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። እናት የምትሆነዋ ሴት አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ትነክራለች፣ ልጅ የምትሆነዋ ትጠባለች፤ ከዚያ ወዲያ መካካድ የለም። ማዕከሉ ውስጥ ይበልጥ የምንፈራው ከረሜላ ይዞ የሚመጣውን ጎብኚ ስለነበር ማሩን ገና ሳላየው ጠረጠርኩት።

ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣ እንዲገባኝ ብለው፣ በአማርኛ ቀስ እያሉ እነዚህን ሰዎች እናትና አባት አድርጌ እቀበል እንደሆን ጠየቁኝ። እኔ በአዊኛ «እቀበላለሁ» አልኩ።

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ማሩ ወደ አንጓዋ ይወርዳል። በተራዋ እሷ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ትሰሚያለሽ?» አለችኝ በዚያው በአዊኛ።

«ከልጅነቴ። የእናቴ ቋንቋ ነው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን ያልኩትንም?» አለች።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

«ሰምተሽ ነው እንግዲህ እሺ የምትይኝ?»

«እሺ ያልኩዎት እሱን ስለሰማሁ ነው» አልኳትና፣ እጇን ሳትሰበስብ አውራ ጣቷን ያዝኩ።