የሚሰማው መሬትን ብቻ ነው

ያሰሩኝ በወንድሜ ቦርሳ ምክንያት ነው። ቦርሳውን ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ ተቀብዬ ወደ መንደራችን ወደ ቀየት ስመለስ ኬላ ላይ ሚኒባሱን አስቆሙት፤ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ ከቦርሳው ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ መላጫና አንድ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ አወጣ። ከሁሉም ሥር ጂኦፎኗን አገኘ። ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ።

ጂኦፎን ምን እንደሆነች እዚሁ ልናገርና ልገላገል። የጡጫ ግማሽ የምታክል ብርቱካናማ ፕላስቲክ ናት። ከሥሯ እንደ ችካል የሾለ ብረት አላት፣ ከጎኗ ሁለት ሽቦ ይወጣል። ውስጧ ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። መሬት ላይ ትተከላለች፤ መሬቱ ሲነቃነቅ በሽቦው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የላትም።

ወንድም ጋሼ፣ ታላቄን የምጠራው እንዲህ ነበር፣ ቆላ ወርዶ ነዳጅ ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። ከባድ መኪኖች መሬቱን ያንቀጠቅጡታል። እሱና ጓደኞቹ በረጅም መስመር የተከሏቸው ጂኦፎኖች ደግሞ ከታች ካለው ድንጋይ ነጥሮ የሚመለሰውን ንዝረት ይቀበላሉ። ለእናታችን ሲያስረዳት፣ "ጋኑን አንኳኩተሽ ጠላው የት እንደደረሰ ታውቂ የለ? እኛም እንደዚያው ነን" አላት። እሷ ወዲያው ገባት። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት የገባት።

በመጨረሻው ፈቃዱ አንዲት ከሥራ የወጣች ጂኦፎን ይዞ መጥቶ፣ ደጃችን ተክሎ ኤሌክትሪክ በሚለካ ቴስተር አሳይቶኝ ነበር። ይዟት ተመለሰ። ከዚያ ወባ ገደለው። መንገድ ስለተዘጋ እዚያው ቆላ ቀበሩት፤ እኛ በስልክ ሰማን።

በእኛ አገር ሬሳው ያልመጣ ሰው በዕቃው ይለቀሳል። ልብሱና የእጁ መሣሪያ ለቅሶው መሐል ይወጣል፣ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። እናቴ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር የላትም። ለአርባው መንገዱ ሲከፈት ጓደኞቹ የላኩትን ያንን ቦርሳ ነበር የምትጠብቀው። አርባው ቅዳሜ ነው። እኔ የተያዝኩት ማክሰኞ።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የገብሱ አቧራ ከግድግዳው አልለቀቀም፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር ብርዱ እንደ ውኃ ይገባል። ሠላሳ ያህል ሰው ነበርን። ከውጭ የጠባቂው ጫማ ጠጠሩ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

አንድ ሽማግሌ ባናቸውን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸውን፣ በአንድ በኩል ገለጥ አደረጉልኝ።

"ና ግባ፣ ልጄ። እዚህ ጉንፋን ወረፋ አይጠብቅም።"

ገባሁ። ባናው የበግ ይሸታል።

"በምን መጣህ?"

"በወንድሜ ዕቃ።"

ምን ዕቃ እንደሆነ ነገርኳቸው። የማይገባቸው መስሎኝ አሳጥሬ ነው የነገርኳቸው። ሽማግሌው ግን ሣቁ።

"ብረቷ ቀጥ ብላ ካልገባች አለቃው የሚጮህባት? እሷን ነው የምትለኝ?"

በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ቆላ ወርደው ከነዳጅ ፈላጊዎች ጋር በቀን ሠራተኝነት ሠርተው ኖሯል። ያኔ የሚያንቀጠቅጥ መኪና አልነበረም። ጉድጓድ ቆፍረው ድማሚት ይቀብሩ ነበር።

"አለቃው ባንዲራ ሲያነሳ ሰው ሁሉ ባለበት ይደርቃል" አሉኝ። "እግርህን ካነሳህ መቅጃው ወረቀት ላይ ትወጣለህ። አንድ ቀን ፍየል አልፋ ሥራው ተበላሸ። የተሰደብኩት ግን እኔ ነኝ።"

እሳቸው የታሰሩት ልጃቸው የት እንደገባ እንዲናገሩ ነው። የት እንደገባ አያውቁም።

ረቡዕ ጠዋት ተጠራሁ። የመጀመሪያው መርማሪ ጂኦፎኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በእስክሪብቶው ጫፍ ይነካካታል።

"ምንድን ነው የሚሰማው?"

"መሬት።"

"መሬት ውስጥ ማን ያወራል?"

"ማንም አያወራም። ንዝረት ነው።"

"ንዝረቱን ለማን ያስተላልፋል?"

"ብቻዋን ለማንም አታስተላልፍም። ከመቅጃ መሣሪያ ጋር ካልተያያዘች..."

"መቅጃው የት ነው?"

"ቆላ። የመሥሪያ ቤቱ ነው።"

"ታዲያ ይህን ለምን ተሸከምክ?"

"ለለቅሶ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለለቅሶ ያልኩትን አልጻፈም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ መርማሪ መጣ። የፊተኛው የጻፈውን አላነበበም፣ "ምንድን ነው የሚሰማው?" ብሎ ጀመረ። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ነዳጅ የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"እኛ ጋ አለ?"

"ምኑ?"

"ነዳጁ ነዋ። ወንድምህ ሳይነግርህ አይቀርም።"

"እኔ እንጃ። ለእነሱም አይነገራቸውም። ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ፣ ወረቀቱን የሚያየው ሌላ ነው።"

"ለእኔ ብቻ ንገረኝ።"

እኔ ድሮም ስናገር እየተቆራረጥኩ ነው። ወንድም ጋሼ ነበር የሚናገርልኝ። በአፌ እንደማልችል ሳውቅ፣ ቴስተር ካለ ላሳይህ አልኩት። የሚያውቅ ሰውም መጋዘኑ ውስጥ አለ አልኩ። ያንን ባልል ይሻል ነበር።

ቴስተሩ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ መጣ፣ መርፌ ያለው ዓይነት። ሽማግሌውም መጡ። ግቢው ውስጥ አፈር ፈልጌ ጂኦፎኗን ተከልኳት፣ ሥሯን በተረከዜ ረገጥ ረገጥ አደረግሁ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና በሁለት ጣት አቃኗት። ሽቦዎቹን ከቴስተሩ ጋር አያያዝኩ።

"አሁን መሬቱን ምታ" አልኩት።

መርማሪው በጫማው መታ። መርፌው ብድግ አለ። እንደገና መታ፣ እንደገና ብድግ አለ። ጠባቂዎቹ ቀርበው እነሱም መቱ። ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

"ሰው ሲናገርስ?" አለ። ተንበረከከና፣ "ሄሎ" አላት። መርፌው ዝም አለ። ጠጋ ብሎ፣ "ሄሎ፣ ይሰማል?" አላት። ዝም።

"አየህ" አልኩት። "ወሬ አትሰማም።"

ያኔ ከአጥሩ ውጭ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። መርፌው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መኪናው እስኪርቅ አላቆመም። መርማሪው መርፌውን አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ጻፈ። ሲጽፍ ጮክ እያለ ነው፦ "ተሽከርካሪ ሲያልፍ ያውቃል።"

ምን እላለሁ? ያውቃል። እኔው ራሴ ፊቱ አሳይቼዋለሁ።

"አይ፣ ጌታው" አሉ ሽማግሌው፣ "ይቺ ፍየልም ስታልፍ ታውቃለች። እኔ በወጣትነቴ በእጄ የተከልኳት ናት።"

መርማሪው ገጹን ገለበጠ። "እርስዎም ያውቁበታል ማለት ነው። ጥሩ። አሁን ሁለት ሆናችኋል።"

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፣ አልወጣልኝም።

"ተወው" አሉኝ። "ያንተን ሲጠይቁኝ የልጄን ረስተውልኛል።"

ሐሙስ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ሦስተኛው ጠራኝ። ይህ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ አልጮኸብኝም። አንድ ወረቀት ገፋልኝ። "አንድ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ መከታተያ መሣሪያ ከወንድሜ ተረክቤ ሳጓጉዝ መያዜን አምናለሁ" ይላል። ከሥሩ የስሜ ቦታ ክፍት ነው።

"ነገ የወንድምህ አርባ ነው አሉኝ" አለኝ። "ፈርምና ዛሬ ከሰዓት ሂድ። ቦርሳህንም ውሰድ።"

"ዕቃዋንስ?"

"ዕቃው ይቆያል።"

"ጂኦፎን ብዬ ልጻፍበት?"

"የተጻፈውን ነው የምትፈርመው።"

እስክሪብቶውን አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ልፈርም ነው ያነሣሁት። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት በር በሩን ስታይ ታየችኝ። ደግሞ "ከወንድሜ ተረክቤ" የሚለው ላይ ዓይኔ ቆመ።

"የሞተ ሰው አይታሰርም" አለኝ። "ምን ይጎዳዋል?"

ለዚህ እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መርማሪው ወረቀቱን ሰበሰበ፣ "ከባድ ሰው ነህ" አለኝ። ከባድ አይደለሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ሽማግሌው ባናቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

"ስሙኝማ" አሉ። "ዛሬ የዚህ ልጅ ወንድም አርባ ነው። ሬሳው ቆላ ቀርቷል፣ ዕቃውም ከእነሱ ጋ ነው። ተዝካር የምናወጣበት የለንም። ሟቹ ግን የመስመር ሰው ነበር። መስመር ላይ ባንዲራ ሲነሣ ሰው ባለበት ይቆማል። እንቁምለት።"

"እስከ መቼ ነው፣ አባባ?" አለ አንዱ ከጥግ። "እግሬ አብጧል።"

"ባንዲራው እስኪወርድ።"

"እኔን ደግፈኝ" አለው አጠገቡ የነበረ፣ ከቆላ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ። ሁለቱ ተደጋግፈው ተነሡ። ሁሉም ተነሣ። ሽማግሌው ነጭ መሐረባቸውን ወደ ላይ አደረጉ።

ሠላሳ ሰው እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሳል እንኳ አልነበረም፤ የገብስ አቧራ ባለበት ቤት። የሽማግሌው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አላወረዱትም። እኔ ወንድም ጋሼን ለማሰብ ሞከርኩ። የመጣልኝ ግን ደጃችን ጎንበስ ብሎ ጂኦፎኗን ሲያቃናት ነው፣ በሁለት ጣት።

ከውጭ የጠባቂው ጫማ እየሄደ ነበር። ከዚያ ቆመ። በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን መጣ።

"ምን ሆናችኋል?"

መሐረቡ እንደተነሣ ነው።

ዓይኑ ሄደ። ጫማው ግን አልተንቀሳቀሰም። ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ መሐረቡ እስኪወርድ ድረስ ጠጠሩ ድምፅ አላሰማም። ፈርቶ ይሆናል። አላውቅም። ያኔ ጂኦፎኗ ደጁ ላይ ተተክላ ቢሆን የቴስተሩ መርፌ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምክንያት ለቀቁኝ። ሽማግሌው ስወጣ እዚያው ነበሩ። ባናውን ግማሽ ለግማሽ ለሌላ ሰው ገልጠውለት ነበር። እናቴ አርባውን በአንድ አሮጌ ኮቱ አልቅሳበታለች። ሸሚዞቹንና የጸሎት መጽሐፉን ሰጥቻታለሁ። ጂኦፎኗ ለምርመራ ቀርታለች።

መሐል ሜዳ ለገበያ በሄድኩ ቁጥር ምርመራ ቢሮው ጎራ ብዬ ዕቃዋን እጠይቃለሁ። እናቴ ለዓመቱ ተዝካር እንድትደርስላት ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት የተቀመጠው ሰው አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

"ይህ ዕቃ" አለኝ፣ "ምንድን ነው የሚሰማው?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።